ካቴናው ለምን ይዘላል?

ጥያቄ፦ በየቀኑ የምንቀሳቀሰው በብስክሌት ነው። ካቴናው እንዳይደርቅ በየጥቂት ቀኑ ዘይት አፈስበታለሁ፤ ሆኖም ይጠቁራል፣ ይንጫጫልም። በቅርቡ በአዲስ ቀየርኩት፤ አሁን ደግሞ ዳገት ላይ ፔዳሉን በኃይል ስረግጥ ጥርሱን እየዘለለ ያመልጣል። ዘይት አንሶት ነው ወይስ ካቴናው ጥራት የለውም?

መልስ፦ ዘይት አላነሰውም፤ የበዛውም ያለ ቦታው ነው። ካቴና በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር የሚፋተገው ውስጡ፣ ማለትም በፒኑ (የካቴናውን ቁርጥራጮች በሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) እና ፒኑ በሚያልፍበት የውስጠኛው ቁራጭ ቀዳዳ መካከል በመሆኑ፣ ውጭው ላይ የቀረው ዘይት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም ነው። አቧራና ዘይት ሲቀላቀሉ ብረትን እንደ ሞረድ የሚበላ ጥቁር ጭቃ ይፈጥራሉ፤ ሳያጸዱ ዘይት መጨመርም ይህንኑ ጭቃ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ስለዚህ አስቀድመው በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅና በብሩሽ ያጽዱት (ቤንዚን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል አይጠቀሙ)፣ በደንብም ይድረቅ። ከዚያ በእያንዳንዱ ሮለር (የማርሹ ጥርስ በሚነካው ተሽከርካሪ ቀለበት) ላይ አንድ ጠብታ የካቴና ዘይት ያኑሩ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ያስርጉት፣ ከተቻለም አሳድረው ውጭውን በደረቅ ጨርቅ አጥብቀው ይጥረጉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ጠረጋ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከዘይቱ ዓይነት ይልቅ የካቴናውን ዕድሜ የሚወስነው እሱ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የብረት ብናኝ ስላለበት፣ ግራሶ ደግሞ ወፍራም ሆኖ ውስጥ ስለማይገባ አይመከሩም።

ወደ መዝለሉ ስንመጣ፣ አዲሱን ካቴና ለመውቀስ አይቸኩሉ። የብስክሌት ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ፒኖቹ ሲበሉ ይህ ርቀት በጥቂቱ ይሰፋል፤ ጥርሶቹም ከተለጠጠው ካቴና ጋር አብረው ይበላሉ፤ ስለዚህ ትክክለኛ ልክ ያለው አዲስ ካቴና በተበሉት ጥርሶች ላይ በወጉ አይቀመጥም። የሚዘለው አዘውትረው በሚጠቀሙባቸው ማርሾች ላይ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል የኋላው ማርሽ መቀየር ይኖርበታል። በሁሉም ማርሽ ላይ ካቴናው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር የሚደገም ከሆነ ግን የተገጣጠመበት ቦታ ጠብቆ እንዳይታጠፍ አድርጎት ይሆናልና፣ በእጅ ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ እየገፉ ያላሉት።

ወደፊት ጥርሱ ሳይጎዳ ለመድረስ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ፒን መሃል ተነሥተው 24 ክፍተቶችን ሲለኩ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኋላ ማርሾቹ ብዛት 11 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ብስክሌት ልኬቱ 306.3 ሲደርስ፣ ከዚያ በታች ላለው ወደ 307 ሲጠጋ ካቴናውን ይቀይሩ። የፊተኛው ማርሽ ጥርሱ ብዙ ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚበላ ነውና፣ ጥርሱ ሾሎ ወይም ወደ አንድ ወገን ተቆልምሞ ካላዩት በስተቀር አብሮ መቀየር አያስፈልገውም።