አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኘን

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። አራት ዓመት የቆየ እጮኛ አለኝ። ሽማግሌ ልኮ ዘር ሲቆጠር ግን አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኘን። እናቴ ‹ወንድምሽ ነው፣ እኔ ሳልሞት አይሆንም› ብላ ምግብ አልቀምስ አለች። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ አራት ዓመት የወደድሽው ሰው በአንድ ቀን «ወንድምሽ ነው» ሲባል መደንገጥሽ አይገርምም። ሳታውቂ ነው የወደድሽው፤ ያጠፋሽው ነገር የለም።

በቅድሚያ ቆጠራው ይጣራ። ከሁለቱም ወገን ዘር የሚያውቅ አንድ አንድ ትልቅ ሰው ለየብቻ ጠይቃችሁ፣ ከጋራው አያት እስከ እናንተ ያለውን ስም ጻፉ። አንዱ ከራስ፣ ሌላው ከወላጅ ከጀመረ አንድ ቤት ይዛነፋል። ስም ተመሳስሎ ሁለት ሰው እንደ አንድ የሚቆጠርበትም ጊዜ አለ፤ የክርስትና ስሙንና የትውልድ ቀዬውን አመሳክሩ።

ቆጠራው ልክ ከሆነ ከሕግ አትጀምሪ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 8) ወደ ጎን ካለው የሥጋ ዝምድና የሚከለክለው ከእህት፣ ከወንድም፣ ከአክስትና ከአጎት ጋር መጋባትን ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የምትኖሩበትን እዩ። ልጆች በዘር በሚመጣ በሽታ ይያዛሉ የሚለው ስጋትም ቢሆን እዚህ ርቀት ላይ ይሳሳል፦ የአክስትና የአጎት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ ዘረ መል ይጋራሉ፣ እናንተ ግን ከ1 በመቶ በታች። ይህን ለእናትሽ ስትነግሪያት ግን ሌላ ምክንያት ታመጣለች። ዘመድ አይጋባም የሚለውን ደንብ የተቀበለችው በልጅነቷ ነው፤ ምክንያት የምትፈልግለት ዛሬ ስለተጠየቀች ነው። በአፋር አብሱማ የሚባለው ልማድ የአክስትን ልጅ ማግባትን ይመርጣል፤ እዚያ ያደገች እናት የሚያስጨንቃት ጋብቻው መቅረቱ በሆነ ነበር።

ስለዚህ ፍርሃቷን ፈልጊ። ጎረቤት በሌለበት ሰዓት «እማዬ፣ ብንጋባ ምን ይመጣል ብለሽ ነው?» በያትና ዝም በይ። «ልጆቻችሁ ይታመማሉ» ካለች ሐኪም ያስረዳት። «ዘመድ ምን ይለኛል» ከሆነ የሚጠቅማት የምታከብረው ታላቅ ወንድሟ ቀድሞ ቢቀበላችሁ ነው። «ኃጢአት ነው» ካለች ከንስሐ አባቷ ውጭ የምትሰማው የለም፤ ተክሊል ሊከለከላችሁ እንደሚችልም ከእጮኛሽ ጋር ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ምግቡን በተመለከተ፣ አጠገቧ ተቀምጠሽ አጉርሻት፤ «እሺ ተውኩት» ብለሽ ግን ቃል አትግቢ። በጭንቅ የሰጠሽው ቃል ነገ ሁለታችሁንም ያቀያይማል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጃት።