ደመወዝ የሌላት ጳጉሜ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሰሞኑ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ። አልገረመኝም። እኔም ከአያት ማዶ ነው የምኖረው። እዚህ ገንዘብ ቤት ሳይደርስ ታክሲ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ደመወዝ በገባ በ15 ቀኑ ኪሴ ባዶ ነው። ምን ላይ እንደዋለ እንኳ አላውቅም። በጀት አወጣለሁ ብዬ ሁለቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ። (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እህቴ፣ በጀቱን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ብሩ የት እንደሚገባ እንወቅ። ቴሌብርሽን ክፈቺና ያለፈውን ወር ክፍያ ከላይ እስከ ታች እይው። እኔ አንድ ቀን እንዲህ ሳደርግ በአንድ ወር ውስጥ 43 ጊዜ ከፍዬ አገኘሁት። 35 ብር፣ 60 ብር፣ 110 ብር። አንዷም ለብቻዋ አታስደነግጥም። ስደምራቸው ግን የወሩን የታክሲ ወጪዬን አለፉ። ያን ቀን ማኪያቶ አስጠላኝ። (በሦስተኛው ቀን ተመለስኩበት።)

ከዚያ ደብተር ያዢ። የሰፈርሽ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር አለው አይደል? ያለብሽን ዕዳ ካንቺ ይልቅ እሱ አብጠርጥሮ ያውቃል። አንቺም የራስሽ ይኑርሽ።

ደመወዝ የገባ ዕለት ከኪራይ ቀጥሎ የታክሲውን ለይተሽ አስቀምጪ። ሥራ ለመድረስ ሁለት ታክሲ የምትይዢ ከሆነ ደርሶ መልስ በቀን አራት ጊዜ ትከፍያለሽ፤ በ22 የሥራ ቀን 88 ጊዜ ማለት ነው። የዳር ሰፈር ሰው ብድር የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ይቺ ስታልቅ ነው። የቴሌብሯ ብድር «እንደኪሴ»ም የምታጓጓው ያኔ ነው። የጎደለውን ትሞላልሻለች፤ ግን ከነአገልግሎት ክፍያዋ ከሚቀጥለው ገቢሽ ላይ ትቆረጣለች።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ጳጉሜ። ደመወዝ የላትም። የነሐሴ ደመወዝሽ እስከ መስከረም 30 ሊያደርስሽ ነው፤ 35 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 36። በዚያ መሀል እንቁጣጣሽ አለ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ መስቀል አለ። በየዓመቱ ያው ቀን ላይ የሚመጣውን ነገር እንደ ድንገተኛ እንግዳ እንቀበለዋለን። ያለፈው መስከረም የፈጀብሽን ጻፊና ለ11 አካፍዪው። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ በየወሩ ያቺን አስቀምጪ። ሌላውን በጀት ሦስተኛ ጊዜ ብትተዪው እንኳ ይቺን አትተያት።

ጥያቄ፦ ዕቁብ ይሻላል ባንክ? (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ለምን እንደምታስቀምጥ ይወስነዋል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ በወለድ ሀብታም እሆናለሁ ብለህ አታስብ።

ዕቁቡንም እናስላው። 20 ሰው በወር 2,000 ብር ቢጥል ዕጣው 40,000 ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰው ያለወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ ሃያኛው ደግሞ ለሌሎቹ አበደረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ጎረቤቴ ዕጣው ገና አልወጣለትም ነበር። ሲወጣለት ያሰበው ፍሪጅ ዋጋው ሸሽቶት ቆየው።

ታዲያ ዕቁብ ለምን ይወደዳል? ባንክ ገንዘብ ካላስገባህ አይደውልልህም። የዕቁብ ዳኛ ግን በር ያንኳኳል። ይሉኝታ በገንዘብ ጉዳይ ከሚጠቅምባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። ዕቃ ለመግዛት ከሆነ ዕቁብ ግባ፤ ዋስ የማይጠይቅ ዕቁብ ከሆነ ግን ራቅ። ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር የሚሆነውን ባንክ አኑር። ሌሊት ልጅ ቢታመም ዕጣ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ አከራዬ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል አሉኝ። ልበደር? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ አትበደር። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም። በጨዋ ደንብ ንገራቸው፤ እምቢ ካሉ ወረዳ አለ።

ጥያቄ፦ ዘመድ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። እምቢ ማለት አልችልም፤ ሰጥቼ ደግሞ እናደዳለሁ። (ከሰሚት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄኛው ይሉኝታ ነው የሚያከስረው። ደብተርህ ላይ «ዘመድ» የሚል መስመር አስገባና የምትችለውን ቁጥር ጻፍበት። ሲያልቅ «የዚህ ወር አለቀ፤ በሚቀጥለው አንተን አስቀድማለሁ» በል። ይሄ እምቢታ አይደለም፣ ተራ ማስያዝ ነው። አገር ቤት ያሉት ደመወዝህን ይሰማሉ፤ የቤት ኪራይህን ግን ማን ነገራቸው? ንገራቸው። እኔ ለእናቴ የነገርኳት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ምን ትበላለህ?» አለችኝ። በሳምንቱ በዘመድ እጅ ሽሮ ላከችልኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። የኪስ ገንዘብ ብሰጠው ይበላሻል? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አይበላሽም፣ ይስጡት። ግን በሳምንት አንዴ፣ የተቆረጠች ይሁን። ሰኞ ብስኩት ገዝቶ ከጨረሳት እስከ እሑድ አይጨምሩለት። ከባድ ነው፤ አርብ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ዓይኑ ሲንከራተት አንጀት ይበላል። እኔ አንዴ አልቻልኩም፤ ለልጄ 10 ብር አሹልኬ ሰጠሁት። እናቱ እስካሁን አታውቅም ነበር።