ልዩ ወተት ስለሚወስዱ ሕፃናት፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ሲስተር፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ፒኬዩ (ሰውነት ፊኒልአላኒን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል በአግባቡ መሰባበር የማይችልበት የውርስ በሽታ) ስላለባቸው ሕፃናት አመጋገብ ጠይቁኝ። ዕድሜና ክብደት ይጻፍ። ልክ በራሳችሁ አትቀይሩ።

ከአዘዞ፦ ሲስተር፣ ልጄ 4 ወሯ ነው፣ 5 ኪሎ። ልዩውን ዱቄት ብቻ ነው የምሰጣት። ደሟ ጥሩ ነው ተብያለሁ፤ ግን ክብደቷ ቆመ፣ ቂጧም ቆሰለ።

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ዱቄቱ ፊኒልአላኒን የለውም። ፊኒልአላኒን በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል ይጎዳል፤ ግን ሰውነት ራሱ ሊሠራው ስለማይችል፣ ለማደግ ጥቂት የግድ ያስፈልጋል። ጨርሶ ሲታጣ እድገት ይቆማል፣ ቆዳ ይቆስላል። ጡንቻዋ መፍረስ ሲጀምር ደግሞ በደሟ ያለው የፊኒልአላኒን ቁጥር ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ «ጥሩ ነው» አይበቃም፤ ቁጥሩን ጠይቂ። የሚፈለገው በአብዛኛው ከ120 እስከ 360 ማይክሮሞል በሊትር ነው። የጡት ወተት ከተራው የዱቄት ወተት ያነሰ ፊኒልአላኒን ስላለው፣ ሐኪሟ በልክ ጡት ሊጨምርላት ይችላል። ክብደት፣ ቁመት፣ የጭንቅላት ዙሪያ፤ ሦስቱም ይለኩ። ዛሬ ነገ አትበይ። ልክ ግን በራስሽ አትቀይሪ።

ከማራኪ፦ ቶሎ እንዳያልቅ ውሃ ባበዛስ?

ሲስተር፦ በፍጹም! የጣሳው ማንኪያ ይሞላል፣ አናቱ በቢላ ጀርባ ይስተካከላል፣ ውሃውም ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ነው። ሲቀጥን ልጁ ጡጦውን ጨርሶ ይተኛል። ሆዱ ሞላ እንጂ አልተመገበም።

ከፒያሳ፦ አራስ ሳለሁ አብሽ ጠጣሁ። የልጄ ሽንት የተቃጠለ ስኳር ሸተተ። በሽታ ነው?

ከአራዳ፦ አብሽ ምን ያደርጋል? እናቶቻችን በሱ አሳደጉን።

ከፒያሳ፦ የጠየቅሁት ሲስተርን ነው!

ሲስተር፦ ተዉ እንጂ። ሽንት እንዲህ የሚያሸት ሌላ የሜታቦሊዝም በሽታ (ሰውነት ምግብን በአግባቡ መጠቀም የማይችልበት) አለ። ሶቶሎን የሚባለው ሽታ ሰጪ ነገር እዚያም አለ፣ አብሽም ውስጥ አለ። ለሐኪሙ «አብሽ ጠጥቻለሁ» በይው። ልጁ ጡት እንቢ ካለ ወይም ከደነዘዘ ግን «አብሽ ነው» ብለሽ ቤት እንዳትቀመጪ። ያኔውኑ ሆስፒታል!

ከአዘዞ፦ ጋላክቶሴሚያ (ሰውነት ከወተት የሚገኘውን ጋላክቶስ የሚባል ስኳር መጠቀም የማይችልበት በሽታ) ያለበት ልጅ ጡት ይጠባል?

ሲስተር፦ አይጠባም። የላም ወተትም አይሆንም።

ስም የለሽ፦ ልጄ አይበላም፣ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ዕድሜው? ክብደቱ? ሕመሙ? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል?

ከማራኪ፦ ፒኬዩ ላለበት፣ 6 ወር ሲሞላው ሽሮ ፍትፍት?

ሲስተር፦ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ሥጋ አይሆኑም። የጤፍ ገንፎም ፕሮቲን አለው፤ ይቆጠራል። ድንችና ካሮት በተሰጣችሁ ልክ።

ከአራዳ፦ ውሃውን ትንሽ ብቻ ጨመር ባደርግስ?

ሲስተር፦ መለስኩ እኮ! ከላይ አንብቢ።

ከአዘዞ፦ ጣሳው እያለቀ ነው። እስኪመጣ የላም ወተት ልስጣት?

ሲስተር፦ አትስጫት እኅቴ። ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውዪ። ከእንግዲህ አዲስ ጣሳ ስትከፍቺ ቀጣዩን እዘዢ።