ከቱሉ ዲምቱ ስለ ካይዘን፦ ጠይቁኝ አልኩ፣ ጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ካይዘንና ስለ ጃፓን ስልጠና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ለማታውቁኝ፦ ቱሉ ዲምቱ ባለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የምርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ የተማሪ ዴስክ እንሠራለን። ካይዘንን የተማርኩት እዚሁ ነው፤ ኋላ ለጥቂት ሳምንታት ጃፓን ሄጄ ሰልጥኛለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

«ካይዘን ማለት በቃ ጽዳት ነው አይደል?»

ጽዳት ከአምስቱ አንዱ ነው። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ ማሻሻል ማለት ነው። ባለህ ሰውና ባለህ ዕቃ፣ ብዙ ብር ሳታወጣ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማስተካከል። መነሻው 5ቱ «ማ»ዎች ናቸው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የጃፓንኛ ስማቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስቱም በ«S» ነው የሚጀምሩት። ወደ እኛ ሲመጡ በ«ማ» መግጠማቸው ደስ ይለኛል።

በወሬ ከሚሆን የእኛን ቤት ልንገርህ። አንዱ ልጃችን በር ለመግጠም 13 ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ይፈልጋል። ከሞርሳው ሥር ያያል። ከቱቦላሬው ክምር ጀርባ ይዞራል። የጓደኛውን ኪስ ይዳብሳል። አንድ ቀን ዝም ብዬ ሰዓት ያዝኩበት፦ 11 ደቂቃ! ለአንድ ብሎን።

ስልጠናውን ስንወስድ መጀመሪያ ያደረግነው ማጣራት ነው። የማያስፈልግ በመሰለን ዕቃ ሁሉ ላይ ቀይ ካርድ ለጠፍን፣ እንደ ዳኛ። ሦስት የተቃጠለ ትራፓኖ፣ ዝገት የበላው ላሜራ፣ ዳዶ የሌለው ብሎን በጆንያ ወጣ። ጠቅልለን ለቆራሌ ሸጥነው። በብሩ ችፕውድ ገዝተን ግድግዳ ላይ መታንና የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ በማርከር ሣልንበት። አሁን 13 ቁልፍ ቦታው ላይ ከሌለ ባዶው ሥዕል ከሩቅ ያፈጥብሃል። ማን እንደወሰደው ከጎኑ ተጽፏል።

«እንዴት ነው ታዲያ ከጃፓን እዚህ ድረስ የመጣው?»

በቱኒዚያ በኩል ነው ማለት ይቻላል። የጃፓኑ የትብብር ድርጅት ጃይካ ቱኒዚያ ውስጥ ፋብሪካዎችን ያሰለጥን ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ይህንን በ2000 ሰምተው «ለእኛም» ብለው ጠየቁ። በ2002 በ30 ፋብሪካዎች ሙከራው ተጀመረ። በ2004 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ የካይዘን ልህቀት ማዕከል ይባላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ጃፓኖቹ ሲያሰለጥኑ አጠገባቸው የእኛ ባለሙያዎች መኖራቸው ነው። እኔን ያስተማረኝ ሐበሻ ነው። ከፋብሪካ ፋብሪካ የሚዞረው በሚኒባስ፣ አቧራ እየጠጣ ነበር።

«ልጄ፣ ጃፓን ይህን ሁሉ የምታደርገው ለጽድቅ ነው? እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከአቃቂ።»

ኧረ አይደለም ጋሼ። ነገ ዕቃዋን የሚገዛ ገበያ ትፈልጋለች፣ በተባበሩት መንግሥታት የሚደግፋት አገር ትፈልጋለች። ይህንን ደግሞ አይደብቁትም። ግን ሌላም ነገር አለ። እነሱም ተምረው ነው። በ1942 ኤድዋርድስ ዴሚንግ የሚባል አሜሪካዊ ጃፓን ሄዶ ስለ ጥራት ቁጥጥር አስተማራቸው። ዛሬም በስሙ ሽልማት ይሰጣሉ። ያ ፈጣን ባቡራቸውም ቢሆን በከፊል የተሠራው ከዓለም ባንክ በ1953 በተበደሩት 80 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከባንኩ የተበደሩትን ሁሉ ከፍለው የጨረሱት በ1982 ነው።

እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የእኛ ሰዎች ጃፓንን ማየት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የተቀዳው ከጃፓን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1924 እስከዚያ ድረስ ተጉዘዋል። ያኔ የተቀዳው ወረቀቱ ነበር። 13 ቁልፍ የት እንደሚሰቀል የሚያሳይ ሰው አብሮ አልመጣም።

«የጃፓኖቹ ብር የማን ኪስ ገባ?»

ለወርክሾፓችን አምስት ሳንቲም አልተሰጠም። እንዲህ ያለው የቴክኒክ ትብብር ይባላል፤ የሚመጣው ባለሙያና ስልጠና ነው። ብር ቢሰጡን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አዲስ ትራፓኖ ገዝተን እሱንም እናቃጥለው ነበር።

«ጃፓን እልክሃለሁ ያለ ደላላ 40 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ልክፈል?»

አትክፈል! የጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል የሚታወጀው በኤምባሲው ነው። የትምህርቱን ክፍያም የአውሮፕላን ትኬቱንም እነሱ ይችላሉ። በ2005 የታወጀው «አቤ» (ABE) የሚባለው ለአፍሪካ ወጣቶች የሆነ ዕድል ደግሞ ማስተርስና የኩባንያ ልምምድ አንድ ላይ የሚሰጥ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፣ የዕድሜ ገደብም አለው። አጫጭሮቹን ስልጠናዎች በአብዛኛው የምታገኘው መሥሪያ ቤትህ ሲልክህ ነው።

«ጃፓንኛ ትችላለህ?»

«አሪጋቶ» እላለሁ። ስልጠናው በእንግሊዝኛ ነበር።

«እኛ መሥሪያ ቤት ካይዘን ማለት ሰሌዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ እናጸዳለን፣ ሲሄድ ይቆሽሻል። የካይዘን ልማት ቡድን አለ ይባላል፤ ተሰብስቦ አያውቅም።»

እህቴ፣ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። የእኛም ሰሌዳ ለስምንት ወር የአንድ ሳምንት ቁጥር ተጽፎበት ቆሟል። በሽታው አምስተኛው «ማ» ላይ ነው፤ ማዝለቅ። እኔ ያየሁት እንዲህ ነው፦ አለቃ ካልወረደ አይዘልቅም። ጃፓን ያየሁት ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ጠዋት ከሠራተኛው ጋር ቆሞ «ትናንት ምን አስቸገራችሁ?» ይል ነበር። አስር ደቂቃ ብቻ። ሁለተኛው ጥቅም ነው። ሠራተኛው ሐሳብ አምጥቶ ፋብሪካው ሲያተርፍ ለእሱ ሳሙና እንኳ ካልደረሰው በሚቀጥለው አፉን ይዘጋል። እውነቱን ነው። እኛ ሰሌዳውን አንስተን የሐሳብ መዝገብ ብቻ አስቀረን። ለተቀበልነው ሐሳብ ትንሽም ብትሆን ብር እንከፍላለን። አንዳንድ ወር መዝገቡ ባዶ ይሆናል።

«ጃፓን ሄዶ የሚቀረውስ?»

የሚቀር አለ። የሚመለስም አለ፤ ተመልሶ ከጃፓን ባመጣው ሰርተፊኬት የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ቦሌ ቢሮ የሚገባ ደግሞ ይበዛል። አልፈርድበትም።

«ቆዬ ፈጬ እንጀራ ጋግሬ አከፋፍላለሁ። ሁለት ሠራተኞች ብቻ ናቸው ያሉኝ። ለእኔ ይሆናል?»

ከማንም በላይ! ነገ ጠዋት ስትጋግሩ ወንበር ላይ ተቀመጪና እርምጃ ቁጠሪ። ከሊጡ ባልዲ እስከ ምጣዱ ስንት ነው? ከምጣዱ እስከ ማቀዝቀዣው ጠረጴዛስ? ማሰሻውን ለመፈለግ ስንቴ ይዞራሉ? አብዛኛው ቤት ባልዲው በር ሥር መሬት ላይ ነው፤ ልጅቷ ለእያንዳንዱ እንጀራ ታጎነብሳለች። በቀን 300 ብትጋግር 300 ጊዜ። ባልዲውን ከምጣዱ በስተቀኝ ዱካ ላይ አውጪው። ለማሰሻው ምስማር ምቺለት። ጠረጴዛውን በስተግራ አስጠጊው። ግን ሳትነግሪያቸው ዕቃ አታዟዙሪ፤ መጀመሪያ «የት ቢሆን ይመቻችኋል?» በያቸው። ከዚያ ከሳምንት በኋላ እንደገና ቁጠሪና ሁለቱንም ቁጥር ላኪልኝ።