ሎሚዬን የሚበላውን ትል ልግደለው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ግቢዬ ውስጥ አንዲት የሎሚ ዛፍ አለችኝ፤ ከተከልኳት ስድስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ለምለም ቅጠል አወጣች ብዬ ደስ ሲለኝ ትል ወረራት። መጀመሪያ የወፍ ኩስ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ይንቀሳቀሳል! ጎረቤቴ የሚረጭ መድኃኒት ሰጠችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ግን «እማዬ፣ እንዳትገድያቸው» ብሎ አለቀሰ። ምን ይሻለኛል? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱን መልሺላት። ልጅሽ ልክ ነው።

ያየሽው የቢራቢሮ ልጅ ነው። ጥቁር ሆና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነጠብጣብ ያላትን፣ በኋላ ክንፏ ላይ እንደ ዓይን ያለ ቀይ ምልክት ያለባትን ትልቅ ቢራቢሮ ሳታዪያት አትቀሪም። እንቁላሏን የምትጥለው በሎሚና በብርቱካን ለጋ ቅጠል ላይ ነው፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ትንሹ ትል የወፍ ኩስ መምሰሉ ያድነዋል። ኩስ የሚለቅም ወፍ የለማ! ሲያድግ ደግሞ መልኩን ይቀይርና እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጅሽ በስንጥር ቀስ አድርጎ ጀርባውን ይንካው። ከጭንቅላቱ ኋላ ብርቱካናማ መንታ ቀንድ ብቅ ይላል፤ የሚሰነፍጥ ሽታም ይከተላል። ጠላት ማባረሪያው ነው። ወዲያው መልሶ ይከተዋል።

ስድስት ዓመት የሞላት ዛፍ ትችለዋለች፤ የተበላውን ቅጠል ትተካለች። የሚያሰጋው ለችግኝ ነው። ችግኝ ካለሽ ትሎቹን በእጅሽ ለቅመሽ ወደ ትልቋ ዛፍ አዛውሪያቸው። አይናደፉም። የሚረጨው መድኃኒት ግን መርጦ አይገድልም። አበባዋ ላይ የሚያርፉትን ንቦች ይነካል፤ ትሉን የሚበሉትን ተርቦችና ሸረሪቶችም አብሮ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ሌላ ተባይ ሲመጣ ማን ይከላከልልሻል?

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሥዕል አስተምሬያለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይህንኑ ትል ከነቀንበጡ በጣሳ ይዛ መጣች። መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው። ትኩስ ቅጠል እየቀየርንለት፣ ተማሪዎቹ በየቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ ይሥሉት ጀመር። አንድ ጠዋት መብላቱን ተወ። ወገቡን በቀጭን ክር ከቀንበጡ ጋር አስሮ ወደ ኋላ ዘንበል አለ፤ የመብራት ሠራተኛ ምሰሶ ላይ በቀበቶ ታስሮ እንደሚቆመው ማለት ነው። ቆዳውን ጣለና ደረቅ ቅጠል መሰለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ የለም። ልጆቹ ሞቷል ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተሰነጠቀ። የወጣችው ቢራቢሮ ክንፏ እንደተጨመቀ ጨርቅ የተጨማደደ ነበር። ልጅቷ ልታግዛት እጇን ስትሰድ «ተያት፣ ሣያት» አልኳት። ክፍሉ ጸጥ አለ። የእርሳስ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ክንፉ ቀስ እያለ ተዘረጋ። ያ ሥዕል ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ። ግራው ክንፍ ከቀኙ ያንሳል። ግራውን የሣለችው ገና ሳይዘረጋ ነበር።

ለልጅሽ መስመር የሌለው ደብተርና ለስለስ ያለ እርሳስ ግዢለት። በየገጹ ቀኑን ይጻፍ። ለቀለም አትቸኩዪ። ልጅ ቀለም ሲያገኝ ማየቱን ትቶ መቀባት ይጀምራል። መጀመሪያ የተበላውን ቅጠል ጠርዝ ይሣል። ትሉ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚበላ ራሱ ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ በደብረ ታቦር አካባቢ በአንድ የገጠር ደብር አገለግላለሁ። አጸዳችን እየሳሳ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች አሉ፤ ከሥራቸው የሚተካ ግን የለም። ሽማግሌዎቹ «ባዶውን ቦታ ባሕር ዛፍ እንትከልበት፣ ለደብሩም ገቢ ይሆናል» ይላሉ። ምን ልበላቸው? (ዲያቆን)

መልስ፦ ዲያቆን፣ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ዛፎቹ ሥር ጎንበስ በሉ። በቅሎ የተነጨ ችግኝ፣ የከብት ኮቴና ፋንድያ ታያላችሁ። የደቡብ ጎንደርን አጸዶች ለዓመታት ያጠናው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል፤ ከብት የማይገባበት ቦታ ችግኙ የተሻለ ይበቅላል፣ የተሻለም ይተርፋል። ሌላም ነገር አለ። የአብዛኞቹ የአገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት አይቆይም። እናት ዛፏ ከወደቀች ዘሯም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አጥር። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ በብዙ ደብሮች የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አግዟል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ማሳው ይጸዳል፣ አጸዱ ይታጠራል። ካቡን ከዛፎቹ ትንሽ አራቁት፤ ደኑ ወደ ውጭ የሚሰፋበት ቦታ ያግኝ።

ባሕር ዛፍን አልጠላውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ስንቱን ቤት አቁሟል፣ ስንቱን ምድጃ አንድዷል። ከአጸዱ ራቅ ብሎ ይተከል። ውስጡ ግን የወይራው፣ የጽዱና የዝግባው ቤት ነው። ዘሩን ከራሳችሁ ዛፎች ልቀሙ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳ ላይ ጤና አዳም ሦስቴ ተከልኩ፣ ሦስቴም ደረቀብኝ። በየቀኑ ነው የማጠጣው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የገደለው ውኃው ነው። ዕቃውን ከሥር ቀዳጂው፣ አፈሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅዪው። ጣትሽን ከተሽ እርጥበት ካለው አታጠጪ። ፀሐይ በደንብ ይምታው። ስትቆርጪው ግን ጠራራ ላይ አይሁን፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያቋጥራል።

ደግሞ ጤና አዳም የሎሚ ዘመድ ነው። ያቺ ጥቁር ቢራቢሮ አራተኛ ፎቅ ድረስ ልትመጣብሽ ትችላለች። ከመጣች በስንት ወሩ እንደሆነ ጻፊልኝ።