የደንብ ልብስ ዋጋ ከደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል?

«አሠሪዬ የደንብ ልብሱን ዋጋ ከመጀመሪያ ደመወዜ ላይ ቆረጠብኝ፤ መብቱ ነው ወይ?» ላሉት ጠያቂ፦

መጀመሪያ ልብሱ ለምን እንደሚለበስ ይለዩ። የደኅንነት ጫማ፣ ጓንት፣ የራስ ቁር ከሆነ ብዙም አያከራክርም። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 አንቀጽ 21 የደኅንነት እርምጃ ሠራተኛውን ምንም ወጪ እንዳያስወጣው ይደነግጋል (ስምምነቱን ያጸደቁ አገሮችን ነው የሚያስገድደው)።

አርማ ያለበት ሸሚዝ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የዚሁ ድርጅት የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ቁጥር 95 አንቀጽ 8 ከደመወዝ መቀነስ የሚፈቅደው በአገሩ ሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በግልግል ውሳኔ በተወሰነው ልክ ብቻ ነው። «የቤቱ አሠራር ነው» ማለት አይበቃም። አንዳንድ አገር ደግሞ ወለል ያስቀምጣል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የልብሱ ተቀናሽ ክፍያውን ከዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ፣ ከ7.25 ዶላር፣ በታች ሊያወርደው አይችልም። በሰዓት 8 ዶላር እየተከፈለው በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ቢበዛ 30 ዶላር ነው የሚቆረጥበት።

ተራ ጥቁር ሱሪ ከሆነ፣ ከሥራ ውጭም ስለሚለበስ፣ ብዙ ጊዜ የራስዎ ወጪ ነው።

አሁን የደመወዝ መክፈያ ወረቀቱንና ውሉን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሳያነብ በፈረመው የተቀናሽ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ከሌለ ተመላሽ እንዲደረግልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቅጂውን ይያዙ። ገንዘቡ መያዣ ነው ከተባሉ ደግሞ ልብሱን ሲመልሱ ደረሰኝ ይቀበሉ። በአገልግሎት ማርጀት ጉዳት አይደለም።