ጥያቄና መልስ፦ የፅንስ ሕዋሳት መጀመሪያ የሚለያዩት በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የሰውነታችን ሕዋሳት ሁሉ ከአንድ የዳበረ እንቁላል የመጡና አንድ ዓይነት ዘረመል የያዙ መሆናቸውን ሳስተምር አንዲት ተማሪዬ «ታዲያ አንዱ ልጁን፣ ሌላው እንግዴ ልጁን እንዲሠራ የሚለየው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልመልስላት? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው በአጥቢዎች ፅንስ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየውን መለያየት ነው፤ ልብና አንጎል ገና ሳይታሰቡ እንግዴ ልጁን የሚሠሩት ሕዋሳት ከቀሩት ይለያሉ።

ነገሩ በስፋት የተጠናው በአይጥ ነው። ፖላንዳዊው አንድሬይ ታርኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1959 ከሁለት ሕዋሳት ፅንስ አንዱን አጥፍተው የቀረው ብቻውን ሙሉ አይጥ ሊሆን እንደሚችል ስላሳዩ፣ በዚያ ደረጃ የአንዱም ዕጣ አልተቆረጠም ማለት ነው። ለውጡ የሚጀምረው ስምንት ሕዋሳት ሲሞሉ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ክብ ክብ ሆነው የተቀመጡት ሕዋሳት ኢ-ካድሄሪን በተባለ ፕሮቲን አማካይነት እርስ በርስ ተጣብቀው ይጠጋጋሉ፣ እያንዳንዳቸውም ወደ ውጭ የሚያይ አንድ ገጽ ያበጃሉ። ከዚያ በኋላ በሚከተሉት መከፈሎች ጥቂቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በአውድማ ላይ የተከመረ ነዶ ዳር ያለው አንድ ጎኑ ለነፋስ እንደተጋለጠ፣ መሐል ያለው ግን በሁሉም አቅጣጫ በጓደኞቹ እንደተከበበ ሁሉ፣ እነዚህም የውስጥ ሕዋሳት ገጽ የሌላቸውና ዙሪያቸውን በሌሎች የተያዙ ናቸው።

ታርኮቭስኪና ዮአና ቭሩብሌቭስካ በ1967 ወሳኙ የሕዋሱ ቦታ ነው አሉ፤ ማርቲን ጆንሰንና ካሮል ዚዮሜክ ደግሞ በ1981 ወሳኙ የሚወረሰው የውጭ ገጽ ነው አሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱ አይጣሉም፤ ገጹ ሕዋሱ ቦታውን የሚያውቅበት መንገድ ነውና። ሂፖ የተባለው የመልእክት ሥርዓት በውስጥ ሕዋሳት ሥራ ላይ ሲሆን ያፕ የተባለውን ፕሮቲን ዘረመሉ ካለበት የሕዋሱ እምብርት፣ ከኒውክሊየስ፣ ውጭ ያስቀረዋል። በውጭኞቹ ግን ገጹ ሥርዓቱን ስለሚያግደው ያፕ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ቲአድ4 ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ሲዲኤክስ2 የተባለውን ዘረመል ያስነሣል፤ ይህም ሕዋሱን ወደ እንግዴ ልጅ መንገድ ይመራዋል። ጠቅላላው ዘረመል በሁሉም ሕዋሳት ዘንድ ያው ሲሆን የተለየው የሚነበበው ክፍል ነው።

በአራት ሕዋሳት ደረጃ ቀድሞ የሚታይ ዝንባሌ አለ የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ በክርክሩ ግን እስካሁን ስምምነት የለም።

ውሳኔው ወዲያው የማይመለስ አለመሆኑን ለተማሪዎ ይንገሯት። በአሥራ ስድስት ሕዋሳት ደረጃ ከውጭ የተወሰደ ሕዋስ ወደ ውስጥ ቢገባ አሁንም የፅንሱን አካል መሥራት ይችላል፤ ይህ ችሎታ የሚጠበው ቀስ በቀስ ነው። ስለ በግ መንታዎች ከጠየቀችዎም ስቲን ዊላድሰን በ1979 የበግ ፅንስ ሕዋሳትን ለያይተው አንድ ዓይነት መንታ ግልገሎች ማስገኘታቸው በዚሁ ችሎታ የተቻለ ነው፤ ዋሸራ በግ የምትወልዳቸው መንታዎች ግን አብዛኞቹ ከሁለት እንቁላል የሚመጡ ናቸው።